ጫማውን ሳላስወልቀው የሸጥኩለት ቱቦ

መድኃኒት ቤት ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። «ፋርማሲስት ነኝ» ብትል የሚሰማህ የለም። ሰውየውም የጀመረው እንደዚያው ነው።

«ዶክተር፣ እግሬን እያሳከከኝ መከራዬን አየሁ።»

ሚያዝያ 2015 ነበር። ድሬዳዋ ገና በጠዋቱ ግድግዳዋ የሚግልበት ሰሞን። ከኋላው አራት ሰው ተሰልፏል። አንዷ ሕፃን ታቅፋለች፣ ሕፃኑ ያለቅሳል። እኔ ከባንኮኒው ወዲህ፣ እሱ ከወዲያ። እግሩ ላይ ጥቁር ከስክስ ጫማ አለ፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ በክር ተጠፍሯል።

«ጣትህ መሃል ነው?»

«ጣቴም፣ ውስጥ እግሬም።»

«ከጀመረህ ቆየ?»

«አቦ፣ ዓመት አልፎታል።»

ምርመራዬ እዚህ ላይ አለቀ። እጄን ወደ መደርደሪያው ሰደድኩና አንድ የቅባት ቱቦ አወረድኩ። «ጠዋትና ማታ ቀባው» አልኩት። ከፈለ፣ ሄደ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ከሌላ አገር የሚያነበኝ ሰው «ታላቅህን እንዴት አንተ ትለዋለህ?» እንዳይል አደራ። ሰውየው ያኔ 47 ዓመቱ ነው፣ እኔ የልጁ እኩያ ልሆን ምንም አልቀረኝም። ግን ድሬ ላይ አንቱታ ዕድሜው አጭር ነው። «ጋሼ» ትለዋለህ፣ ቀጥሎ «አንተ» ትላለህ፣ የሚቀየም የለም።

ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። ስሙንና የሚጠብቀውን ግቢ ግን ትቻለሁ። የመጋዘን ጥበቃ መሆኑን ማወቅ ይበቃል። ማታ 12 ሰዓት ገብቶ ጠዋት 12 ሰዓት ይወጣል።

ሰውየው የያዘው የእግር ፈንገስ ነበር፣ ያወቅሁት ግን ኋላ ነው። ስለ ቱቦው ልንገራችሁ። ውስጡ ሦስት መድኃኒት ነበር። አንዱ ፈንገስ የሚገድል፣ አንዱ ባክቴሪያ የሚገድል፣ ሦስተኛው ስቴሮይድ፣ ያውም ቤታሜታዞን የሚባለው ኃይለኛው። በሙያችን ውስጥ ይህ ቱቦ የሰነፍ ወዳጅ ነው። ምን እንደሆነ ያላወቅኸው ነገር ሲመጣ «ከሦስቱ አንዱ ይመታዋል» ብለህ ትሰጠዋለህ። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ችግሩ ሦስተኛው ነው። ስቴሮይድ ማሳከኩን ያጠፋል፣ መቅላቱን ያጠፋል። በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ሰውየው «ዳንኩ» ይላል። ማሳከክና መቅላት ግን ፈንገሱ ራሱ አይደሉም። ሰውነታችን ፈንገሱን ሲዋጋው የሚሰማን ጩኸት ነው። ስቴሮይድ ያንን ተዋጊ ያስተኛዋል። ጠላት ግን አልተኛም። ቱቦው ውስጥ ያለው ፈንገስ ገዳይ ሥራውን ለመጨረስ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ሰውየው ደግሞ እከኩ ስለጠፋለት በአምስተኛው ቀን ቱቦውን ጥሎታል። ከወር በኋላ ተመልሶ መጣ። ያኔም ሸጥኩለት። ከዚያም እንደገና። ሌሎች ሁለት ደግሞ ከሌላ ቤት ገዝቷል። በአንድ ዓመት ከሦስት ወር ውስጥ አምስት ቱቦ። አንድም ጊዜ ጫማውን አውልቅ ያለው ሰው የለም።

ለምን አላልኩትም? ወረፋው አንዱ ምክንያት ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ሌላም አለ። ሽታውን ፈርቼ ነው። እሱም እንዳላወልቅ ብሎ የሚጸልየው በዚያው ምክንያት ነበር። ኋላ ሲያጫውተኝ መስጊድ መሄድ ከተወ ወራት ሆኖታል አለኝ። በር ላይ ጫማ ይወልቃላ። ሰው ቤት እንግድነትም ቀርቷል። «ቡና ጠጣ ሲሉኝ ሥራ አለብኝ እላለሁ» አለኝ። አንድ እግር ሰውን ከጎረቤት ሊያስቀር እንደሚችል ከእሱ ነው የተማርኩት።

ሐምሌ 2016 ላይ ሲመጣ ያነክሳል። አንድ እግሩ ላይ ከስክሱን ማድረግ ስላልቻለ በነጠላ ጫማ ነበር። ሱሪውን ወደ ላይ ሰበሰበው። ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ባቱ መሃል ቀልቷል፣ አብጧል፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። በእጄ ጀርባ ስነካው ይፋጃል። ሌሊቱን ሲያንቀጠቅጠው አድሯል።

ቤት ውስጥ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ታሽቶለታል። ባለቤቱን አልወቅሳትም። ብርድ ብርድ ሲልና ሲያተኩስ ምች ነው ብሎ ማሰብ ያደግንበት ነው። እኔ ሦስት ቱቦ ያህል ተሳስቼ እሷን በአንድ ቅጠል ምን ልላት?

ያን ቀን ግን ምንም አልሸጥኩለትም። በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ላክሁት። የቀላ፣ የሚፋጅ፣ የሚስፋፋ እብጠት ላይ ትኩሳት ሲጨመርበት የባንኮኒ ጉዳይ አይደለም። ሐኪሙ ሁለት ነገር አደረገ፤ ሁለቱንም ሰውየው ደጋግሞ ነግሮኛል። መጀመሪያ እስክሪብቶ አውጥቶ የቅላቱን ጠርዝ በሰማያዊ ቀለም ዙሪያውን አሠመረው። «ነገ ይህን መስመር አልፎ ከወጣ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው» አለው። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ አራተኛውንና ትንሿን ጣቱን ፈልቀቅ አደረጋቸው።

«በሩ ይሄውልህ» አለው።

ሴሉላይትስ ይባላል። ከቆዳ ሥር ያለው ሥጋ በባክቴሪያ ሲመረዝ ነው፤ ብዙ ጊዜ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ዘር ነው የሚያመጣው። ባክቴሪያው በጤነኛ ቆዳ ሰንጥቆ መግባት አይሆንለትም፤ ቀዳዳ ይፈልጋል። የእግር ፈንገስ በጣቶች መሃል የሚተወው ስንጥቅ ደግሞ የተመቸ ቀዳዳ ነው። ፈንገሱ ራሱ ከቆዳ የላይኛው ሽፋን አልፎ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። እሱ በሩን ይከፍታል፣ ሌላው ይገባል። የደም ስኳሩም ተለክቶ ደህና ሆኖ ተገኘ። ስኳር ቢኖርበት ኖሮ ይህ ታሪክ ሌላ መጨረሻ ሊኖረው ይችል ነበር። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ስሜት ሊያጣ ይችላል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። እንደዚህ ያለ ትንሽ ስንጥቅ ጣት እስከማስቆረጥ ሊያደርሰው ይችላል።

ፀረ ባክቴሪያውን ወስዶ፣ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ከርሞ፣ እብጠቱ ከጎደለ በኋላ ተመልሶ መጣ። ሥራ በሚቀዘቅዝበት ከሰዓት ነበር። ድሬ ከምሳ በኋላ ትተኛለች፣ ሱቁም ጭር ይላል። ወደ ጓዳ አስገባሁት። ወንበር ሰጠሁት።

«አውልቅ፣ ጋሼ።»

«ይሸታል፣ ዶክተር።»

«ይሽተት።»

ያየሁትን በዝርዝር ልጻፈው፤ ብዙ ሰው ከዚህ ውስጥ አንዱ አለበትና።

በአራተኛውና በትንሿ ጣት መሃል ቆዳው ነጭ ሆኖ ረጥቧል። ብዙ ሰዓት ውሃ ውስጥ የቆየ የልብስ አጣቢ እጅ ይመስላል። ጫፉን ብትነካው እንደ እርጥብ ወረቀት ይላጣል፣ ሥሩ ቀይ ነው። መሃሉ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለ። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚጀምረው እዚህ ነው። እነዚህ ሁለት ጣቶች ከሁሉም በላይ የተጣበቁ ናቸው፣ አየር አይገባቸውም።

ውስጥ እግሩ ደግሞ ሌላ ነው። አልረጠበም፤ እንዲያውም ደርቋል። ከተረከዙ ጀምሮ በጎንና በጎን ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ቆዳው ወፍሯል። ሰውየው ይህን «የድሬ አሸዋ ነው ያደረቀው» ብሎ ትቶት ነበር። ቫዝሊን ይቀባዋል። ይህ መልክ ብዙ ሰው ያታልላል። አያሳክክም፣ ወይም ትንሽ ብቻ ነው የሚያሳክከው። የጫማ ቅርጽ ይዞ እግሩን ከሥር ስለሚሸፍን ሰው ደረቅ ቆዳ ይለዋል እንጂ በሽታ አይለውም። ሦስተኛም መልክ አለ። ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ፊኛዎች ውስጥ እግር ላይ ይወጣሉ። እሱ ጋ አልነበረም።

የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ወፍሮ ቢጫ ሆኗል፤ ጫፉ ይፈረፈራል።

ልጨርስ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «እጅህን አሳየኝ» አልኩት። ሁለቱንም ዘረጋ። ግራው ደህና ነው። የቀኝ መዳፉ ግን ደርቋል፣ በመሥመሮቹ ላይ ነጭ ዱቄት አለ። «ይሄ የዱላው ነው፣ ሌሊቱን ስይዘው ስለማድር» አለኝ። አይደለም። ሁለት እግርና አንድ እጅ የዚህ በሽታ የታወቀ ምልክት ነው። እግርህን የምታክበት እጅ የትኛው ነው? ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀና ቀኙን አነሳ።

ሽታው ግን የፈንገሱ አይደለም። ላብን የሚያብላሉ ባክቴሪያዎች ናቸው የሚሸቱት። ፈንገሱና እነሱ አንድ እርጥብ ቤት ስለሚጋሩ ነው አብረው የሚታዩት። ይህን ስነግረው ትንሽ የቀለለው መሰለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሁለተኛ በግምት መድኃኒት አልሰጥም ብዬ ስለነበር ሳቢያን አካባቢ ላቦራቶሪ የሚሠራ ጓደኛዬ ጋ ላክሁት። ምርመራው ቀላል ነው። ከውስጥ እግሩ ጠርዝና ከጣቶቹ መሃል ደረቁን ቆዳ በምላጭ ጀርባ ፍቆ መስታወት ላይ ያደርገዋል። የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ይጨምርበታል። ያ ኬሚካል የቆዳውን ሕዋስ ያሟሟል፣ ፈንገሱን ግን አይነካውም። ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ጓደኛዬ ስልክ ደወለልኝ። «ክር በክር ነው» አለ። ቅርንጫፍ ያላቸው ረጃጅም ክሮች። ስቴሮይድ የተቀባ ቆዳ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሽ ነው የሚገኙት፣ የሚከለክላቸው የለማ።

ይህን ምርመራ ያስወደደኝ ሌላም ምክንያት አለ። በጣት መሃል የሚልጥ ሁሉ ፈንገስ አይደለም። ኤሪትራስማ የሚባል የባክቴሪያ በሽታ በትክክል እዚያው ይወጣል፤ የፈንገስ ቅባት ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃውም። የጫማ ሙጫ ወይም ቀለም አለርጂ አለ፤ እሱ ግን ከላይ በኩል ጫማው የሚነካውን ቦታ ይወዳል። ቃሎቻችንም ያጋጩናል። አንዱ እግሩን ይዞ መጥቶ «ችፌ ነው» ይላል፣ አንዱ «ጭርት» ይላል፣ አንዱ «እከክ»፣ አንዱ ደግሞ «ውሃ በልቶኝ ነው»። ጭርት ያለው ለእውነት ይቀርባል። ገላ ላይ ክብ ሆኖ የሚወጣው ጭርትና የእግር ፈንገስ ዘመዳሞች ናቸው። ችፌ ግን ሌላ ነው፣ ፈንገስ አይደለም፤ መድኃኒቱም ስቴሮይድ ነው። እንግዲህ አስቡት። ፈንገሱን ችፌ ብለህ ካከምከው የሚቀልበውን መድኃኒት ነው የምትሰጠው።

ከሁሉ በላይ የሚገኘው የእግር ፈንገስ ትሪኮፊተን ሩብረም ይባላል። ምግቡ ኬራቲን ነው፤ የቆዳችን የላይኛው ሽፋን፣ ጥፍራችንና ፀጉራችን የተሠሩበት ነገር። ሙቀት፣ እርጥበትና ጨለማ ሲያገኝ ይፈነጥዛል። ከስክስ ጫማ ውስጥ ሦስቱም አሉ። በባዶ እግርና በክፍት ጫማ በሚሄድ ሕዝብ ዘንድ በሽታው ብርቅ ነው፣ ዝግ ጫማ ሲገባ አብሮ ይገባል።

እዚህ ላይ ስለ ከተማዬ ትንሽ ልኩራ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከደጋዎቹ ከተሞች ጋር ስትተያይ እቶን ናት። ሰዉ ግን ይህን ከጥንት ያውቃል። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ተቀመጥና የሚያልፈውን እግር ቁጠር። ሸበጥ፣ ሸበጥ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሸበጥ። ሽርጥና ሸበጥ ለእግር ከዚህ የተሻለ የለም። አዲስ አበባ ሄዶ የተመለሰ ሰው በዝግ ጫማና በካልሲ ሲንጎማለል እናየውና «እግሩን ሊቀቅል ነው» እንላለን። ጥበቃው ግን ምርጫ የለውም። ደንቡ ከስክስ ነው።

ስለ ሌሊቱ ጠየቅሁት። ሰዓት በሰዓት። ይህን ጥያቄ ከዓመት በፊት ብጠይቅ ኖሮ ብዙ ነገር ይቀር ነበር።

ማታ በር ላይ ይቆማል። ለዒሻ ሶላት ጫማውን አውልቆ ውዱ ያደርጋል፣ እግሩን በጣቶቹ መሃል ጭምር በደንብ ያጥባል። ጥሩ። ከሰገደ በኋላ ግን እርጥብ እግሩን የናይለን ካልሲ ውስጥ ይከተዋል፤ ካልሲውን ከስክሱ ውስጥ። ክሩን ጥብቅ ያደርጋል። ለሱብሂ ያንኑ ይደግማል። ጠዋት ቤት ገብቶ ጫማውን አልጋ ሥር ይወረውራል፤ ማታ ያንኑ ጫማ፣ አንዳንዴም ያንኑ ካልሲ ያደርጋል። የረጠበ ከስክስ እስኪደርቅ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይፈልጋል። የእሱ 12 ሰዓት ብቻ ነበር የሚያገኘው፤ ያውም አልጋ ሥር። እሱ ጫማው ደርቆ አያውቅም።

መታጠቡ አይደለም ጥፋቱ። አለመድረቁ ነው። «ፎጣ ያዝ» አልኩት። «ማድረቅ ይፈቀዳል ወይ?» አለኝ። ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፣ መስጊድ ጠይቅ አልኩት። ጠይቆ መጣ፤ ምንም የለበትም ብለውታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኪሱ ውስጥ ከመሐረብ ትንሽ የሚበልጥ ፎጣ ይይዛል። ለእግር ብቻ፣ ለፊት አይነካም። ጣት በጣት ፈልቀቅ እያደረገ ያደርቃል። ትንሿን ጣት መጨረሻ ላይ ሁለት ጊዜ።

መድኃኒቱን ከሐኪሙ ጋር ሆነን እንዲህ አስኬድነው። ስቴሮይዱ ያን ዕለት ቆመ። ለጣቶቹ መሃል ተርቢናፊን የሚባለው ፈንገስ ገዳይ 1 በመቶ ክሬም፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሁለት ሳምንት። ክሎትሪማዞልም ይሠራል፣ ዋጋውም ይረክሳል፤ ግን አራት ሳምንት ያህል በቀን ሁለት ጊዜ መቀባት ይፈልጋል። እሱ በአምስተኛው ቀን የሚያቋርጥ ሰው መሆኑን ስለማውቅ አጭሩን መረጥን። የሚታየውን ቦታ ብቻ ሳይሆን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ጤነኛ የሚመስለውንም እንዲቀባ ነገርኩት። ፈንገሱ ከሚታየው ጠርዝ ቀድሞ ሄዷልና።

ውስጥ እግሩ ወፍሮ ስለነበር ሌሊት ሳይሆን ቀን፣ ከሥራ ገብቶ ሲተኛ፣ የዊትፊልድ ቅባት አደረግንለት። ድሮ ጤና ጣቢያ በትልቅ ማሰሮ የሚቀመጠው ያ ነጭ ቅባት። 6 በመቶ ቤንዞይክ አሲድና 3 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ ነው። ወፍራሙን ቆዳ ይልጣል፣ ርካሽ ነው፣ ወጣቶቹ ፋርማሲስቶች ይንቁታል። እኔ አልንቀውም። ግን በተሰነጠቀ ጣት መሃል ከገባ ያቃጥላል፤ እዚያ እንዳያስጠጋው አጥብቄ ነገርኩት። አንድ ቀን ተሳስቶ ቀባውና ከአልጋው ዘሎ ወረደ። ባለቤቱ ናት የነገረችኝ፣ እየሳቀች።

ከዚህ በፊት ምን ምን ሞክረሃል ስለው ዝርዝሩ ረጅም ነበር። ሎሚ፣ ጨው ያለበት ሙቅ ውሃ፣ ፌጦ በሎሚ ተለውሶ፣ ቲቲሲ የዓይን ቅባት። ቲቲሲ ፀረ ባክቴሪያ ነው፣ ለፈንገስ ምኑም አይደለም። ፌጦና ሎሚ በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ያቃጥላሉ፣ ያቆስላሉም። አንድ ወዳጁ ቤንዚን መክሮት ነበር። እሱን እንኳን ፈርቶ ተወው፣ አልሐምዱሊላህ።

ቤቱን እንዳየው የጋበዘችኝ ባለቤቱ ናት። ገንደ ቆሬ ውስጥ ነው ቤታቸው። ገና በሩ ላይ ነገሩ ገባኝ። ከመታጠቢያ ቤቱ ፊት አንዲት ሰማያዊ የፕላስቲክ ሸበጥ ቆማለች። የገባ ሁሉ እሷን ነው የሚያደርጋት። ውስጧ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ከእግር የሚራገፈው ቆዳ ፈንገሱን ይዞ ይወድቃል፣ ወለልና ጫማ ላይ ለወራት ሊቆይ ይችላል።

የ16 ዓመቱ ልጅ ኳስ ተጫዋች ነው። በታኬታ። ጣቱን ስናይ በአራተኛውና በትንሿ መሃል ጀምሮታል። ትንሿ ልጅ ክንዷ ላይ የብር ሳንቲም የሚያህል ክብ ጭርት አለባት። አባትየው ፊቱን አዞረ። «እኔ ነኝ ያመጣሁባቸው?» አለ። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ታኬታውም ራሱን የቻለ ምድጃ ነው። ሦስቱንም አንድ ላይ ካላከምን ግን እርስ በርስ ሲቀባበሉት ይኖራሉ። ለልጁ ክሬሙን፣ ለትንሿም እንዲሁ ሰጠናቸው። ሸበጧ ተጣለች፤ ለእያንዳንዱ የየራሱ ተገዛ። ጥፍር መቁረጫም ተለየ። ካልሲው ጥጥ ሆነ፣ ሲታጠብም መጀመሪያ የፈላ ውሃ ይፈስበታል፤ ከ60 ዲግሪ በታች የሆነ ውሃ ፈንገሱን ላይገድለው ይችላል።

አንድ ምክር ስሰጠው ግን አፈረ፣ ባለቤቱ ደግሞ ተንከተከተች። ስትለብስ ካልሲውን ከውስጥ ሱሪህ በፊት አድርግ አልኩት። የታመመ እግር በውስጥ ሱሪ ሲያልፍ ፈንገሱን ብሽሽት ላይ ያራግፈዋል። ብሽሽታቸውን እያከኩ የሚመጡ ወንዶች እግራቸውን ብናይ ብዙዎቹ ላይ እናገኘዋለን። ማንም ግን ሁለቱን አያገናኛቸውም።

ከባዱ ከስክሱ ነበር። ሁለተኛ ጫማ ያስፈልገዋል፣ መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው ግን አንድ ነው። ሳልቫጅ ልግዛ አለ። የሌላ ሰው እግር የከረመበት ጫማ ለዚህ ሰው አይሆንም አልኩት። በመጨረሻ ታይዋን ገበያ ሄዶ ርካሽ አዲስ ገዛ። አሁን አንዱን ያደርጋል፣ አንዱ ምላሱ ተጎትቶ፣ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት፣ ቆርቆሮው ላይ ይሰጣል። የድሬ ፀሐይ እንዲህ ላለው ጊዜ ነው እንጂ ለሌላ ለምን ትሆናለች? የፈንገስ ፓውደርም ጫማው ውስጥ ይነሰንሳል። ከኃላፊው ጋር ደግሞ ራሱ ተደራደረ። በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ሲቀመጥ፣ በሸበጥ መሆን ተፈቀደለት። የሐኪሙን ወረቀት አሳይቶ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ጣቶቹ መሃል ደረቁ። እከኩ ግን የጠፋው በስድስተኛው ቀን ነበር። በሰባተኛው ቀን ደወልኩለት። «ዳንኩ፣ ዶክተር» አለ። «ቱቦው የት ነው?» አልኩት። ዝም አለ። ጓዳ ወርውሮታል። አስፈልጌ አስወጣሁት።

ቀሪው ጥፍሩ ነው። ጥፍር ውስጥ የገባ ፈንገስ በክሬም አይደረስበትም፤ ካልተነካም ቆዳውን መልሶ ይዘራዋል። ሐኪሙ ጉበቱን አስመርምሮ ደህና መሆኑን ካየ በኋላ ተርቢናፊን 250 ሚሊ ግራም ክኒን፣ በቀን አንድ፣ ለ12 ሳምንት አዘዘለት። ውስጥ እግሩንና መዳፉንም አብሮ ያክመዋል። ገንዘቡ ከበደው። መስከረም 2017 ላይ እቁብ ደረሰውና ጀመረ። ታኅሣሥ ላይ ጨረሰ። መዳፉ ከዚያ በፊት ጠርቷል። ጥፍሩ ግን ክኒኑ ካለቀ በኋላም ቢጫ ነበር፤ ተናዶ መጣ። የአውራ ጣት ጥፍር በወር አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው የሚያድገው፤ ሙሉው እስኪተካ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። የሞተው ጥፍር አይነጣም፣ ተገፍቶ ነው የሚወጣው።

ክኒኑን የጀመረ ዕለት ከጥፍሩ ሥር፣ ቆዳው አጠገብ፣ በጥፍር ሞረድ አንድ ቀጭን መስመር ጭሬበት ነበር። ሐኪሙ በእስክሪብቶ ካሠመረው ነው የተማርኩት። በየወሩ መጀመሪያ ይመጣል። ወረፋ ቢኖርም ባይኖርም ወንበሯን ስቦ ሸበጡን ያወልቃል፣ እግሩን ጉልበቱ ላይ ያወጣል። እኔ ማስመሪያ አምጥቼ እለካለሁ። ሚያዝያ 2017 ላይ መስመሯ አንድ ሴንቲ ሜትር ልትሞላ ምንም አልቀራትም። ከሥሯ ያለው ጥፍር ጽጌረዳ መስሏል። ከፊቷ ያለው ገና ቢጫ ነው።

«ስንት ቀረኝ?» አለ።

«እስከ መስቀል ጠብቅ።»

«አቦ፣ ይሁን» ብሎ ሸበጡን አጠለቀ።